የአባቴን ቮልስ እቤት ልጠግናት ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄውን በዚህ መድረክ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። መልሱ አሁን ሠላሳ አንድ ደርሷል። መሀል ላይ ገብቶ የሚያነብ ሰው ማን ማንን እያረመ እንደሆነ ይጠፋበታል። ከተሰጡት ምክሮች አንዳንዶቹ ሳይታረሙ ቢወሰዱ ሞተር ያበላሻሉ። ሁለቱ ደግሞ ሰው ሊጎዱ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ የተባባልነውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና የቆመበት ሰው ይጠቀምበት።

መነሻ። አባቴ የጤና መኮንን ነበር። የተማረው እዚሁ ጎንደር፣ በ1954 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ነው። ቮልሷን በ1964 ዓ.ም. ያገለገለች ሆና ገዛት። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጎርጎራ፣ አይከል፣ ለሥራ ያልወሰደችው የለም። እኛን ትምህርት ቤት ያመላለሰችን እሷ ናት። ዝናብ ሲሆን የኋላው መስታወት በትንፋሻችን ይሸፈናል። እኛም በጣታችን ሥዕል እንስልበት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ዓይኑ ሲደክም ግቢያችን ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆማት። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። እሱ ካረፈ በኋላ ወንድሞቼ እንሽጣት አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። ያለኝን ጻፍኩ፦ የአባቴ የቁልፍ ሳጥን፣ አንድ ክሪክ፣ ቅዳሜና እሁድ። ሊብሬዋ የ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው የሚለው። ቀለሟ ውኃ ሰማያዊ ነው፤ ግራ ፓራፋንጎዋ (የጎማው ክዳን) ላይ አባቴ በብሩሽ የቀባው ሌላ ሰማያዊ አለ። ቤተሰቡ ከቀለም ይጀመር ይላል። እኔ ደግሞ ከሞተር ባይ ነበርኩ። የቱ ይቅደም? ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው አዘዞ ነው የሚኖረው። ለአባቴ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ ምክሩን በአጭሩ ሰጠ። ጥሩ ባትሪ መግጠም፣ አምስት ሊትር ቤንዚን መጨመር፣ የሰፈር ልጆች ሰብስቦ ቁልቁለቱን በስፒንታ፣ ማለትም እየገፉ፣ መልቀቅ። ሞተሩ አንዴ ድምፅ ካሰማ ሞራል ይመጣል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይሠራል ባይ ነው። ከልቡ ነው የመከረኝ። እኔም ልቤ ተነስቶ ነበር። ለቅዳሜ ልጆቹን ልናገር ስል ነው 2ኛው የደረሰልኝ።

መልስ 2። ይህ ሰው መካኒክ ነው፤ አጻጻፉ ያስታውቃል። አንደኛውን ይቅርታ ጠይቆ ቁርጡን ተናገረ። ይህን ያህል ዓመት የቆመ ሞተር አይገፋም። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በጉልበት ሲዞር ፋሻው ይሰበራል፣ ሲሊንደሩንም ይፍቃል። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ የቀረው ቤንዚንም ቤንዚንነቱ አብቅቷል፤ እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡራተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ይደፍናል።

ከዚያ ሥራውን በተራ አስረዳ። አራቱ ካንዴላዎች (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ይፈታሉ። በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይትና ናፍጣ ተቀላቅሎ ይንጠባጠባል። አንድ ሳምንት ይተዋል። ከዚያ ትልቁ ፑሌጃ (የሞተሩ መዘውር) በ30 ቁልፍ ተይዞ በእጅ፣ ሳያስገድዱ፣ ወዲህና ወዲያ ይሞከራል። ካልዞረ ይጨመርለትና ሌላ ሳምንት ይጠበቃል። ሲዞር የድሮው ዘይት ይወጣል። ቮልስ እንደ ዛሬ መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ከሥሯ የሽቦ ወንፊት ነው ያላት። ወንፊቱ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል፤ አዲስ ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ይገባል። ይህን መልስ አትሜ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጋራዥ የምለው ያንኑ የቆርቆሮ ጥላ ነው።

መልስ 3 አጭር ነው። ወንድሜ ብሎኝ፣ ቤተሰብ የሚደሰተው በሚያየው ነገር ስለሆነ ከቀለም እንድጀምር ነገረኝ። ሴት መሆኔን መነሻው ላይ አልጻፍኩም ነበር።

መልስ 4 ግን የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቴንም መኪናዋንም ያውቃል። እህቴ ብሎ ጀመረና 3ኛውን አረመው። ቀጥሎ የራሱን አወጣ። አንድ ጋራዥ መኪናውን ቀብቶ እንደ መስታወት እያበራ አስረክቦት ነበር። ሁለተኛው ክረምት ላይ በሩ ሥር ቀለሙ እንደ ቂጣ ዓይን አወጣ። በጣቱ ቢጫነው የእጅ መዳፍ የሚያህል ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚለጠፍ መሙያ) ተገንጥሎ ወደቀ። ከስቱኮው ጀርባ የታጨቀ ጋዜጣ ነበር። ላሜራው ከተበላ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የተቀባ መኪና ሲያይ ማግኔት ይዞ ነው የሚዞረው። ማግኔት ላሜራ ላይ ይይዛል፣ ስቱኮ ላይ አይይዝም። ይህን ምክር በዚያው ቀን ሞክሬዋለሁ። የአባቴ ብሩሽ ያረፈበት ፓራፋንጎ ላይ ማግኔቱ ጥርቅም ብሎ ያዘ። አባቴ ስቱኮ አልደበቀም።

መልስ 5። ሁለት ጥያቄ ብቻ። የኋላውን ወንበር አንስቼ አይቼ እንደሆነና፣ ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ያመንኩት በምን እንደሆነ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የሻሲ ቁጥሩም እዚያው፣ መሀል ላይ በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተቀርጿል። ሌላ ነገር አልጨመረም። ስድብም ሙገሳም የለውም። የክሩ (የዚህ ውይይት) ሁሉ ምርጥ መልስ እሱ ነው።

መልስ 6 የእኔ ነው። ጥያቄውን ያነበብኩት ማታ ነበር። እስኪነጋ መጠበቅ አልቻልኩም፤ የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ወንበሩን ሳነሳው የአቧራና የአሮጌ ሣር ሽታ ወጣ። ከባትሪው ሥር ወለል አልነበረም። አሲዱ በልቶታል። በቀዳዳው ቁልቁል ሳበራ መሬቱ ታየኝ፤ ሣር በቅሎበታል። እጄን አሾልኬ ሣሩን ነካሁት። እኛ ሕፃናቱ የተቀመጥንበት ቦታ ነው። በግራ በኩል ግን ብረቱ ድምፁ ገና ጥሩ ነው። ሳንኳኳው ጮኸ።

ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጌ አነበብኩት። በ115 ይጀምራል። 5ኛው ሰው ተመልሶ ትርጉሙን አስረዳኝ። ከነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋብሪካው ቁጥሩን ሲቀይር 11 ሴዳን መሆኗን፣ ቀጥሎ ያለው 5 ደግሞ የ1965 ሞዴል መሆኗን እንዲያመለክት አደረገ። ስለዚህ ሊብሬው ተሳስቷል ማለት ነው። ይህ ለኩራት ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። ዕቃ ሲገዛ የሚያስፈልገው ትክክለኛው ዓመት ነው።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ አቋሜ አንድ ነው። አሮጌ ቮልስ የሚጠግን ሰው ወንበርና ምንጣፍ አውጥቶ ከወለሉ ይጀምር። ሞተሯ በጥቂት ቡሎን የተያዘ ነው፤ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ሌላ ይገኝለታል። ወለሉ ግን መኪናዋ ራሷ ናት። ወንበሩ፣ ፔዳሉ፣ ማርሹ፣ ቦዲው ሁሉ የታሰረው እሱ ላይ ነው። ወለሉ ሳይታይ የተቀባ ቀለምም፣ የተነሳ ሞተርም ገንዘብ መጣል ነው።

መልስ 7። አንዱ የሞተሩን ቁጥር እንዳይ ነገረኝ። ከዲናሞው ሥር ባለው የሞተሩ አካል ላይ ነው የተጻፈው። ኤፍ በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። ያ የ1300 ሞተር ምልክት ነው። የ1965 ቮልስ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣችው በ1200 ሞተር ነበር። እንግዲህ አንድ ቀን ሞተሯ ተቀይሯል።

ነገሩ የጦፈው እዚህ ላይ ነው። 8ኛው ሰው አሮጌ መኪና ማደስ ማለት ከፋብሪካ እንደወጣች መመለስ ነው የሚል እምነት አለው። የ1200 ሞተር እንድፈልግ፣ የብሩሹን ቀለም እንድልጥ፣ መስተዋት ጎሚኒውን ሳይቀር እንድቀይር ጻፈ። ለሥራ እንዲመች ደግሞ በክሪክ አንስቼ ከአራቱም በኩል ድንጋይ እንድደግፍላት መከረ። 9ኛው ተቃወመው። ሞተሩን ያስቀየረው አባትየው ከሆነ፣ የመኪናዋ ታሪክ ያ ነው፤ ማንም ሊሰርዘው አይገባም አለ። ይህ ልቤን ነካው። ግን 9ኛውም ቢሆን ሞተሩን ለመሞከር በውኃ ፕላስቲክ ቤንዚን ይዤ በካርቡራተሩ አፍ እንዳንጠባጥብ መክሮኝ ነበር። የሁለቱንም ምክር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መልስ 10 ሻካራ ነበር። ሴት ልጅ ከዝገት ጋር ስትታገል ጊዜዋን እንደምታባክን፣ አዲስ አበባ አሮጌ ቮልስ በጥሩ ዋጋ የሚገዛ ስላለ ሸጬ ቤተሰቡን እንድጠቅም ጻፈ። አመመኝ። መልስ አልሰጠሁትም። 11ኛዋ ሴት ናት፤ እሷ መለሰችለት። ባሏ ሲታመም የቤታቸውን ላዳ ፍሬን ሸራ በገዛ እጇ እየቀየረች ልጆች ያሳደገች ናት። ቁልፍ የጨበጠ እጅ ወንድ ይሁን ሴት ቡሎኑ እንደማያውቅ ነገረችው። 10ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 12 እና 13። 12ኛው የድሮው ባለ 6 ቮልት መብራት ሻማ እንደማለት ነው፣ ወደ 12 ይቀየር አለ። 13ኛ ሆኖ የመጣው ያው መካኒካችን፣ መልስ 2 ነው። ባትሪ መቀየር ብቻ እንዳይመስለኝ አስጠነቀቀ። ዲናሞው ከነመቆጣጠሪያው፣ ኮይሉ፣ አምፖሉ ሁሉ፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር፣ የካርቡራተሩ ቾክ አብረው ይቀየራሉ። ቮላኖውም፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ትልቁ ጥርሳም መዘውር፣ አለ። የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ ነው፣ የ12 ቮልቱ 130። ሞተሪኖ (ማስነሻው ሞተር) እና ቮላኖ ካልተጣጣሙ ጥርስ ይበላሉ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አለ። ባለ 6 ቮልት ቮልስ መብራቷ የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ቮልቱ ስላነሰ ሳይሆን የሽቦው መገናኛና ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ስለዛገ ነው። መጀመሪያ ያ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳ፣ ከዚያ ይታይ። እንደዚያው ወስኛለሁ።

ከ14 እስከ 17 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። 14ኛው ቮልስ ከሚገባት በላይ ትወደሳለች፣ አገሩን ያገለገለችው የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ፊያት ሴይቼንቶ ናት አለ። 15ኛው ሴይቼንቶ ዳገት ባየች ቁጥር ውኃዋ ይፈላ እንደነበር አስታወሰ። 16ኛው ራዲያተሯ የተጠረገ ሴይቼንቶ እንደማይፈላ ተከራከረ። 17ኛው 15ኛውን መኪና አታውቅም ብሎ ሰደበው። እኔ ለሁለቱም ክብር አለኝ። በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣችው ሴይቼንቶ በ633 ሲሲ ሞተር ያን ሁሉ ተሳፋሪ ማመላለሷ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ስድቡ አላስፈለገም።

መልስ 18 ክሩን ከጠቡ አወጣው። የታሪክ መምህር ይመስለኛል። ስለ መኪና ስናወራ ግማሹ አፋችን ጣሊያንኛ መሆኑን አሳየን። ካንዴላ ሻማ ነው። ፍሬን ልጓም ነው። ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ድስት ነው። ባቲላሜራ ቃል በቃል ላሜራ ቀጥቃጭ ነው። የእኛው ሰፈር አውቶፓርኮም የመኪና ማቆሚያ ግቢ ማለት ነው። ጣሊያን ጎንደር የቆየው ከ1936 እስከ ኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. ነው። አምስት ዓመት ተኩል ብቻ ቆይቶ የመካኒኩን ቃል ትቶ ሄደ። ከርዕሱ የወጣ ነገር ቢሆንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አባቴ ካቻቢቴ አቀብይኝ ሲለኝ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

መልስ 19። አሁን ወደ 9ኛው ምክር። ይህ ሰው የጻፈው በጣም ተቆጥቶ ነው፤ መብትም አለው። የቮልስ ሰልባትዮ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፣ ሞተሩ ከኋላ። ቤንዚኑ መኪናዋን አቋርጦ በቧንቧ ይመጣል። መጨረሻው ላይ፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ የለበሰ አጭር ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ከላይ ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ምክንያቱም ስንጥቁን ጨርቁ ይሸፍነዋል። ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው ደግሞ የጋለ ሞተር ላይ፣ የእሳት ብልጭታ ባለበት ነው። የአጎቱ ቮልስ የተቃጠለችው እንደዚያ ነው። ሰው ተርፏል። ውኃ ሲያፈሱባት እሳቱ ነጭ ሆኖ ፈነዳ። በፕላስቲክ ቤንዚን ማንጠባጠብ ማለት ያንን እሳት በእጅ መጥራት ነው ብሎ 9ኛውን ገሰጸው። 9ኛው ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ምክሩን አነሳ። እንዲህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል።

መልስ 20 ያ ነጭ እሳት ምን እንደሆነ አስረዳ። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ማግኒዥየም አንዴ ከተያያዘ ውኃውን ራሱን ይበጣጥሰዋል። ሃይድሮጅን ይወጣል፣ እሳቱ ይብሳል። ስለዚህ የዱቄት ማጥፊያ እሳቱ ወደ ብረቱ ሳይደርስ ቶሎ መጠቀም ነው። ብረቱ ከተያያዘ ግን ደረቅ አሸዋ ማልበስ፣ መራቅ። ጎማውን በማግስቱ ቆርጬ ጣልኩት። ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። አሁን ከጥላው ምሰሶ አጠገብ አንድ በርሜል ደረቅ አሸዋ አለ።

21ኛው የ8ኛውን የድንጋይ ነገር አነሳ፤ እኔም ድንጋይ ለቅሜ ነበር። 22ኛው ጎረቤቱ እግሩን ያጣው በድንጋይ በተደገፈ መኪና ሥር ተኝቶ መሆኑን ጻፈ። ድንጋይ ጭነት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ክሪክም ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ወፍራም፣ እኩል የተቆረጠ የእንጨት ግንድ በመስቀለኛ መደርደር፣ ወይም በያጅ ጋ ባለ ሦስት እግር ብረት ማሠራት። ጎማ ሲወልቅ ጎማውን ራሱን ከሥር ማስተኛት። የድሮ ፍሬን ሸራ አቧራም አስቤስቶስ ስላለበት በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር እንዳይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ ጨመረ። ባለ ሦስት እግሩን ብረት አራት አሠርቻለሁ።

መልስ 23 መተማ ይሠራ የነበረ ሹፌር ነው። መኪናው ከመተማ ወደ ጎንደር ስትወጣ ለምን ጥቁር ጭስ እንደምትተፋ ሲገርመው ኖሯል። መተማ ከባህር ወለል ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ጎንደር ከ2,100 በላይ። እዚህ አየሩ ከባህር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በለመደው መጠን ይለቃል። ስለዚህ ካንዴላው ይጠቁራል። መድኃኒቱ የካርቡራተሩን ዋና የቤንዚን ቀዳዳ አንድ ደረጃ ማጥበብ ነው። ቆላ ሲወረድ ግን ወደ ቦታው ይመለስ፤ አለዚያ ሞተሩ ይግላል።

መልስ 24 ከዚህ ተነስቶ ሊማሊሞ ደረሰ። የራሱ የመላሹ አባት በቮልስ ደባርቅን አልፎ ያን ጥምዝምዝ ወርዶ ወጥቷል። ውኃ የላትምና አትፈላም። ግን የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ እያስጨነቀ ዳገት ካወጣት ማራገቢያው ይደክማል፣ ሞተሩ ይጋገራል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሁሉ ይበልጥ ይግላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ይጋርደዋል። አባትየው ዳገት ሳይጀምር ነበር ማርሽ የሚቀንሰው። ቺንጋ (ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ ቀይዋ መብራት ከበራች ደግሞ እዚያው፣ ያሉበት ቦታ ማቆም። አባቴም ዳገቱ ገና ሳይደርስ ማርሽ ይቀንስ ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት ከዚህ መልስ ነው።

25ኛው በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ነገር ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። 26ኛው ፖለቲካ ውስጥ ገባ፤ ቃላቱ ከረሩ። 27ኛው የመድረኩ ኃላፊ ነው። ወደ ቮልሷ እንድንመለስ ለምኖ የ26ኛውን ግማሽ አነሳው። ለጥያቄው የእኔ መልስ ቀላል ነው። የቆመ መኪና ማንሳት መኪና ማስገባት አይደለም።

መልስ 28 አዲስ አበባ ነው ያለው። ሶማሌ ተራ የቮልስ ዕቃ እስካሁን እንደሚገኝ አረጋገጠልኝ። ቮልስ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ስትሠራ ቆይታለች፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስለዚህ ዕቃዋ ዛሬም በዓለም ላይ ይመረታል። ግን አሮጌውን ይዞ ያልመጣ ሰው ሁለቴ እንደሚገዛ መከረ። የወለቀ ነገር አይጣል። ዳዶዋም ሮንዴላዋም በጣሳ ተደርጋ፣ ከየት እንደወጣች ይጻፍባት። እኔ በበርበሬና በሽሮ ጣሳዎች ነው የጀመርኩት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ጣሳ አለ።

መልስ 29። ባቲላሜራ ነው፤ ስለ ሥራው ሲጽፍ እጁ ይታያል። ወለሉ ሳይቆረጥ በፊት ማድረግ ያለብኝን ነገረኝ። በሁለቱም ጎን ከበሩ ሥር የሚያልፍ፣ ከሞተሩ ሙቀት ወደ ፊት የሚያመጣ ባዶ ቦይ አለ። ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። እሱም ከተበላና ሊቆረጥ ከሆነ በመጀመሪያ የበሩ ክፍት ላይ ብረት በአግድም ይበየድ። አለዚያ ቦዲው መሀሉ ላይ ይረግባል። አዲሱ ከተበየደ በኋላ በሩ አይዘጋም። ያኔ ማስተካከል የለም። ደግሞም ከመበየዱ በፊት ሰልባትዮው ከመኪናዋ ይውጣ፣ ባትሪው ይውጣ። ዝገቱ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ነጭ ብረት እስኪታይ ይሂድ፤ ዝገት ላይ ብየዳ አይዝም።

መልስ 30 የእኔ፣ የደረስኩበትን የነገርኩበት ነው። ሞተሩ በሦስተኛው ሳምንት ዞረ። መጀመሪያ የአንድ ጣት ስፋት ያህል፣ ከዚያ ሙሉ። ቁልፉን ይዤ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ቦዩ በግራ ደህና ነው፣ በቀኝ አንድ ክንድ ያህል ተበልቷል። የበሩ ብረት ተበይዷል።

ከቁልፍ ሳጥኑ ሥር ደግሞ የአባቴን ደብተር አገኘሁ። ዘይት የቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ፑንቲናውን (የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆጣጠረውን መገናኛ) 0.4 ሚሊ ሜትር ማድረጉ፣ ሁሉ ተጽፏል። ጥቅምት 1969 ዓ.ም. ላይ ሞተሩን ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አስመጥቶ ከጓደኛው ጋር በሁለት ቀን እንደገጠመው አለ። አሮጌው ሞተር ለምን እንደተበላሸም ጽፏል፦ ቺንጋው ተበጥሶ፣ የታመመ ሰው ይዞ ስለነበር ሳያቆም ጎንደር ገብቷል። 8ኛው ይህን ሲያነብ የ1200 ሞተር መፈለጉን እንድተው እሱ ራሱ ጻፈልኝ። የብሩሹን ቀለምም አልነካም። የቀረው ቦዲ ይቀባል፤ ያ ፓራፋንጎ እንዳለ ይቀመጣል። ወንድሜ አልተስማማም። እስካሁን እየተነጋገርን ነው።

የጎደለኝ የቀኝ የኋላ ወለል ነው። አዲስ ለማስመጣት መንገዱም ዋጋውም አልሆነልኝም። ከጠፍጣፋ ላሜራ ማሠራት ይቻላል፤ ግን ፋብሪካው የቀረጸው ጉብታ ለጥንካሬ ነው። ከፈረሰች ቮልስ የተቆረጠ ያለው ካለ ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 31። የመለሰው ያ በስፒንታ አስነሺ ያለኝ የአዘዞው ሰው ነው። ክሩን እስከ መጨረሻው ሲከታተል ቆይቷል። ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባት ቮልስ አለች። ፊቷ ተጋጭቶ ያለቀ ነው፣ ወለሏ ግን ሲሚንቶ ላይ ስለቆመች ደህና ነው። ባለቤቱን ጠይቆልኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሜትር፣ ማግኔትና መዶሻ ይዤ እሄዳለሁ።